የሕመሙን ዓይነት የማይጠይቅ ቅጽ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ያስረከብኩት ሁለት ማኅተም፣ ስድስት የብረት ካቢኔ፣ አንድ ዘለላ ቁልፍና አንድ ጭቅጭቅ ነው። ሌላውን በፊርማ ተረከቡኝ። ጭቅጭቁን ግን ይዤው ቤቴ ገባሁ።

ጭቅጭቁ ከተተካችኝ ልጅ ጋር ነው። ጎበዝ ናት፣ አይካድም። እኔ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ስም ፈልጌ እስካገኝ እሷ የአንድ ቅርንጫፍ ሠራተኛ በሙሉ ትመዘግባለች። የሕክምና መላኪያ ቅጻችንን ይዛ ስታገላብጥ ቆየችና፣ "ጋሼ፣ እዚህ ላይ የሕመም ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ የለም። አዲሱ ሲስተም ደግሞ ይህ ካልተሞላ አላልፍም ይላል" አለችኝ። አይሞላም አልኳት። ለምን አለች። ለምን መባሉ አናደደኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ "አይሞላም ማለት አይሞላም ነው" ብያት ወጣሁ። ልጅቷ ምን አጠፋች? የማታውቀውን ነው የጠየቀችኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ እኔ የምቆጣው የሠላሳ ዓመት ነገር በአንድ ደቂቃ አስረዳ ስባል ነው አልኳት። "ቁጭ ብለህ ጻፍላት፣ አንተ እንደሆነ ከአፍህ እጅህ ይሻላል" አለችኝ። አፌን ታውቀዋለች። ይኸው ቁጭ አልኩ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፣ የድርጅቱንም ስም አልጠራም። አምቦና ጌዶን ግን ምን ብዬ እቀይራቸዋለሁ? እነሱ ያው እነሱ ናቸው።

ሥራ የጀመርኩት ጌዶ ነው፣ በድርጅታችን ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት። ድርጅቱን ያቋቋሙት የእኛው ወንጌላውያን ናቸው። ዋናው ቢሮ አምቦ፣ ትምህርት ቤቱ ጌዶ፣ የችግኝ ጣቢያው ደግሞ ከጊንጪ ወጣ ብሎ በጭልሞ ደን ጥግ። የጌዶን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማኅተም ቀለሙ በብርድ ስለሚረጋ ቲተሩን በብብቴ አሙቄ ነበር የምመታው። ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይኛው ክፍል አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ስትባል የተጻፉ ደብዳቤዎች ነበሩ። ሥራ ሲቀንስ እነሱን አውርጄ አነብ ነበር። የድሮ ጸሐፊ እጅ ጽሑፉ ብቻ ያጠግብ ነበር። ያኔ ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ለኔ ግን በቂ ይመስለኝ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘኋት ናት እትዬ አስካለ፣ የፐርሶኔል ኃላፊዋ። መሥሪያ ቤቱ "የሰው ሀብት አስተዳደር" የሚል ታፔላ ቢሰቅልባትም እሷ እስከመጨረሻው ፐርሶኔል ነኝ እንዳለች ነው የወጣችው። "ሰው ሀብት አይደለም፣ ሰው ነው" ትል ነበር።

እትዬ አስካለ ኦርቶዶክስ ናት። ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም አዳራሽ ገብተን ግማሽ ሰዓት ስንጸልይ እሷም ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ኋላ ትቀመጣለች። እኛ "አሜን" ስንል እሷ ታማትባለች። አንድም ቀን ማንም ምን አለሽ ብሏት አያውቅም። እኔ ብቻ፣ የአዲስ ሰው ድፍረት ይዞኝ፣ "እትዬ፣ ጌታን ለመቀበል መቼ ነው የሚወስኑት?" ብዬ ጠየቅኋት። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና፣ "አንተ መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ያለ ስሕተት ጻፍ። ከዚያ ስለ መዳን እንነጋገራለን" አለችኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ደብዳቤዬን ማስተካከል ያዝኩ።

ደብዳቤ አጻጻፏን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በእርሳስ ትጽፋለች። ከዚያ ከወንበሯ ትነሳና ጠረጴዛውን ዞራ፣ እንግዳ የሚቀመጥባት ያቺ አንድ እግሯ አጭር የሆነች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ሆና ደብዳቤውን ደብዳቤው እንደሚደርሰው ሰው ታነበዋለች። ዝውውር ከሆነ እንደሚዛወረው፣ ማስጠንቀቂያ ከሆነ እንደሚሰጠው። አንዳንዴ አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ይለወጣል። ትነሳና አንድ ቃል በላጲስ ታጠፋለች። ለስንት ሰው ያን አንድ ቃል እንዳጠፋችለት ሰዎቹ አያውቁም። እኔም ነገሩ ተንኮል መስሎኝ ነበር መጀመሪያ፤ በኋላ ራሴ ስሞክረው ነው የገባኝ።

የሕክምና ወረቀት ደግሞ ሌላ ነው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ በስፒል ወግታ፣ በራሷ እጅ ይዛ ነው ለፊርማ የምትወስደው። በተላላኪ አትልክም። "የሰው ገላ በወረቀት ላይ ራቁቱን አይሂድ" ትል ነበር። አንድ ጊዜ ከችግኝ ጣቢያው የመጣ ጥበቃ፣ ትልቅ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ መናገር አቃተው። እኔ "ምንዎን ነው ያመመዎት?" ልል አፌን ስከፍት በእርሳሷ ክንዴን ወጋችኝ። "ኦቦ፣ ስንት ቀን ይበቃዎታል?" አለችው ብቻ። "አራት" አለ። አራት ጻፈች። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ወጣ። የኪንታሮት ሕመም እንደነበር ከዓመት በኋላ ራሱ እየሳቀ ነገረን።

ከእሷ ጋር ቅርንጫፍ ለመጎብኘት የወጣንባቸውን ቀናት ዛሬም እናፍቃለሁ። ጭልሞ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ በጥዱ ሥር ትቀመጥና የሠራተኛውን ፋይል እዚያው ሣር ላይ ዘርግታ፣ ባለቤቱን ጠርታ፣ "ያንተ ነው፣ እየው፤ የጎደለ ካለ ንገረኝ" ትላለች። ኃላፊ የሠራተኛን ፋይል ለሠራተኛው ሲያሳይ ያየሁት እሷን ብቻ ነው። መንገድ የተዘጋባቸው፣ ስልክ የጠፋባቸው ዓመታትም መጡ። ያኔም ቢሮ እየመጣች ሰው ሁሉ ቤቱ በሰላም መድረሱን በእግሯ ስታጠያይቅ ነበር የምትውለው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ድርጅቱ ለሠራተኛና ለትዳር ጓደኛ የሕክምና ሽፋን ነበረው። ሠራተኛው ትንሽ ያዋጣል፣ የቀረውን ድርጅቱ ይችላል። የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር ነበር፤ ከነዚያ ውስጥ አንዱ "የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ በማንኛውም ዓይነት" ይላል። ይህን ያስገቡት የቦርዱ ሰብሳቢ ኦቦ ጉርሜሳ ናቸው። ኦቦ ጉርሜሳ የቀድሞ መምህርና ወንጌላዊ፣ በድርጅቱ መኪና ለግል ጉዳይ አንድም ቀን ያልተሳፈሩ ሰው ናቸው። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ማኅፀን የሚከፍትና የሚዘጋ እሱ ነው ብለው ያምናሉ። ሌላው እንዲያምን አያስገድዱም፤ በቤተ ክርስቲያን ስም በሚከፈል ነገር ግን ፊርማዬ አይገኝም አሉ። እኔም ከልቤ ግማሹ ከእሳቸው ጋር ነበር። ግማሹ ምን እንደነበር ያኔ አልጠየቅሁትም።

ነገሩ ለዓመታት ማንንም አልቆነጠጠም። መርፌውም እንክብሉም በጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ሴቶቹ በራሳቸው ይሄዳሉ፣ የጠየቀም የለም፣ የተናገረም የለም። እትዬ አስካለም መመሪያው ላይ ያለውን ያን መስመር ታውቀዋለች፤ አንድም ቀን ግን እሱን ጠቅሳ ማንንም ስትመልስ አላየሁም።

እሷ ጡረታ ወጣችና እኔ ተተካሁ። ወይ ጉራ! በወሩ አዲስ የሕክምና ቅጽ አሳተምኩ። አሥራ አንድ ዓምድ ያለው። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ መደብ፣ የልጆች ብዛት፣ እያለ ይወርድና መሐል ላይ ሰፋ ተደርጎ "የሕመም ዓይነት"። አንዱን ቅጂ ለእትዬ አስካለ ቤቷ ድረስ ወስጄ አሳየኋት። እንድታደንቀኝ ነው እኮ። አይታ አይታ፣ "ዓምድ አበዛህ" አለችኝና መለሰችልኝ። ቅናት መሰለኝ። ይኸውና እየነገርኳችሁ ነው፣ ቅናት መሰለኝ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጫልቱ መጣች። ጌዶ ትምህርት ቤታችን የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። እኔ ጌዶ ሳለሁ ገና ሥራ ስትጀምር አውቃታለሁ፤ ከሰው ጋር ቀስ ብላ የምታወራ፣ ከተናገረች ግን የማታጥፍ። ያቺ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ቅጼን ዘርግቼ ከላይ ጀመርኩ። "የሕመም ዓይነት" ስላት በሩን ዞራ አየችው። ክፍት ነበር። ተነስቼ መዝጋት እንኳ አልመጣልኝም።

"ሐኪሙ ጽፎታል" ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። የማኅፀን ቱቦ ማስቋጠር ይላል፣ ለዘለቄታው እንዳታረግዝ። አራት ልጅ ወልዳለች፣ በአራተኛው ብዙ ደም ፈሷታል፤ ደም ግፊትም ስላለባት መርፌው አልተስማማትም። ጤና ጣቢያ ያለው ሌላ ዘዴም ተሞክሮ አልሆነም። ቀዶ ሕክምናውን የመንግሥት ሆስፒታል ቢያደርገውም ወረፋው ወራት ነው አሏት። ድርጅታችን ውል ያለው የግል ሆስፒታል ግን በሳምንቱ ይሠራላታል፤ ለዚያ ደግሞ የእኛ መላኪያ ያስፈልጋታል። ባሏ ተስማምቷል።

"ኦቦ ገለታ" አለችኝ፣ "አምስተኛ ካረገዝሽ ለሕይወትሽ ዋስ አልሆንም፣ ልትሞቺ ትችያለሽ ብሎኛል ሐኪሙ። እኔ የወለድኳቸውን ማሳደግ ነው የምፈልገው።"

መመሪያው እንደማይፈቅድ ነገርኳት። ሰብሳቢውን አነጋግሬ ልዩ ፈቃድ እጠይቅልሻለሁ አልኳት። አመነችኝና ወረቀቷን ትታልኝ ሄደች። ኦቦ ጉርሜሳ ቤታቸው ከቢሮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ወረቀቱን አጥፌ፣ በእጄ ይዤ፣ ሄጄ ብሰጣቸው ኖሮ እሺም ይሉኝ፣ እምቢም ይሉኝ፣ ነገሩ በሦስት ሰው መካከል ይቀር ነበር። ፈራሁ። እሺ ቢሉም ከሕሊናዬ ግማሹ ይወቅሰኛል፣ እምቢ ቢሉም ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ። አደርኩበት።

እኛ ዘንድ የከበደ ነገር ሲመጣ ወደ ጸሎት ይወሰዳል። አዳራሹ ውስጥ የጸሎት ርዕስ የሚጻፍበት ደብተር ነበር፤ ማንም የከበደውን ይጽፋል፣ ጠዋት ይነበባል፣ የጻፈው ሰው ተነስቶ ጥቂት ያብራራል፣ ከዚያ በአንድነት ይጸለያል። ስንት የታመመ፣ ስንት ፈተና ያለበት ልጅ፣ ስንት የጠፋ ከብት በዚያ ደብተር ላይ አልፏል። ጥሩ ደብተር ነበር። እኔም ጠዋት ገብቼ ጻፍኩበት። ተነስቼም አብራራሁ፦ በጌዶ ያለች አንዲት መምህርት እህታችን ለጤናዋ ብላ ቱቦዋን ለማስቋጠር ጠይቃለች፤ ጌታ እሷን እንዲመራት፣ ለአመራሩም ጥበብ እንዲሰጥ።

ስሟን አልጠራሁም። በዚህ ደግሞ ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። ጌዶ ትምህርት ቤት ያኔ ሦስት ሴት መምህራን ናቸው ያሉት። አንዷ ለጡረታ የደረሰች ናት፣ አንዷ ገና አላገባችም። የሠራተኛውን ሁሉ ዕድሜና ትዳር በቃሌ የማውቀው ሰው፣ ይህንን ሳላሰላ! ጸሎቱ ደስ የሚል ነበር። እንባ ያፈሰሰም ነበር። ወደ ቢሮዬ ስመለስ ሸክሜ ቀለለኝ። ከዚያ ሁሉ ዛሬ በጣም የሚያሳፍረኝ ያ መቅለል ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ደብተርና ጠመኔ የጫነው መኪና ወደ ጌዶ ወጣ። ሹፌሩም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛም ጸሎት ላይ ነበሩ። ከምሳ በፊት ወሬው ጌዶ ደረሰ። ማንም በክፋት አላወራውም፣ ይህንን እመሰክራለሁ። "እንጸልይላት" እየተባባሉ ነው ያዳረሱት። ቅዳሜ ጠዋት አማቷና አራት ሽማግሌዎች እቤቷ ገቡ። እስከ ምሳ ተቀምጠው ቃል አነበቡላት፣ አለቀሱ፣ ተንበርክከው ጸለዩ፣ በመጨረሻም ሐሳቧን እንድትተው ቃል ግቢ አሏት። ባሏ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከእናቱና ከሽማግሌ ፊት ምን ይላል? ጎረቤት በር ላይ ቆሟል።

ሰኞ መጣች። አልተቀመጠችም። "ወረቀቴን ይስጡኝ" አለች። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ስምሽን አልጠራሁም፣ ደግሞ ጸለይንልሽ እኮ አልኳት። አፌን በቆረጠው።

"እኔ የጠየቅኩዎት ፈቃድ ነው" አለችኝ። "ጸሎት ከሆነ ቤቴም አለኝ።"

ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ሰብሳቢው ጋ ላደርስልሽ፣ አሁን ልሂድ፣ እያልኩ እስከ ግቢው በር ተከተልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ትይዝ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልያዘችም። እስክታረግዝ ድረስ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት እንጂ የትም እንዳልወጣች በኋላ ሰማሁ። የት ትሂድ? አምቦ የምትሄድበት አውቶብስ ላይ ብትወጣ እንኳ ጌዶ በሙሉ ለምን እንደሄደች ያውቃል።

በተከታዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ጫልቱ ለወሊድ አምቦ ሆስፒታል ገብታለች፣ ደም እየፈለጉላት ነው። ዝናቡ ሲወርድ ጃንጥላም ሳልይዝ ሮጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ባሏ የእሷን ጫማ በፌስታል ይዞ ቆሟል። ኦቦ ጉርሜሳ አጠገቡ ናቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ደም ሊሰጡ ለምነው ዕድሜዎ አይፈቅድም ብለው መልሰዋቸዋል። እኔ ሰጠሁ። ሌሎችም ሰጡ። ከሰዓታት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ እናትየውም ትተርፋለች፣ ደሙን ለማቆም ግን ማኅፀኗን አውጥተነዋል አለ። ባሏ ፌስታሉን አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ኦቦ ጉርሜሳ ወደ መስኮቱ ይዘውኝ ሄዱ። የቢሮው ጸሎት ላይ ስለማይገኙ፣ ስለ ፈቃድ ጥያቄዋ የሰሙት ያኔ ከባሏ ነው።

"ወረቀቷ ለኔ መጥቶ ነበር?" አሉኝ።

"አልመጣም" አልኳቸው።

"ለምን?"

"ጸሎት ላይ ነው ያቀረብኩት።"

"እኔ እምቢ እል ይሆናል፣ አላውቅም" አሉኝ ዝናቡን እያዩ። "ግን እምቢ ብል ኃጢአቱም ጽድቁም የኔ ነበር። አንተ ለሁሉ ሰው ነግረህ፣ መልስ የሚሰጠውን ሰው ብቻ ተውከው።" በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚህ ያመመኝ የለም።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፣ አለቀስኩም፣ አልደብቅም። አላባበለችኝም። "የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቅጹን አምጣ አለችኝ። ከኪሴ አወጣሁላት። በእርሳስ አንድ በአንድ ሰረዘች። የልጆች ብዛት ሄደ፣ የሕመም ዓይነት ሄደ። ስም፣ ቅርንጫፍ፣ የፈቃድ ቀናት፣ ቀን፣ ፊርማ ብቻ ቀረ።

ቅጹን ማሳጠር ብቻውን አይበቃም ነበር። ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ ታካሚ ምን እንደተደረገለት ዘርዝሮ ነበር ሂሳብ የሚልክልን። እሷ ያመጣችው ሐሳብ ይህ ነው፤ ለሠራተኛው በጅምላ በዓመት አንድ ጊዜ እንዋዋል፣ ዝርዝር አይላክልን፣ ማን በምን እንደታከመ በሐኪሙና በታካሚው መካከል ይቅር። ቦርዱ እንድታስረዳ ጠራትና እኔም ወረቀት ይዤ ገባሁ።

ኦቦ ጉርሜሳ ረጋ ብለው ተናገሩ። በዚህ ጅምላ ውስጥ እኔ የማላምንበት ነገር እንዳለ አውቃለሁ አሉ። ባላየው ጊዜ የለም ማለት ራስን ማታለል ነው አሉ። እውነታቸውን ነው።

"አውቀው ይለፉት እንጂ፣ ማን ይታለሉ አለዎት" አለቻቸው እትዬ አስካለ። "እኔም የንስሐ አባት አለኝ፣ የሚፈቅድልኝም የሚከለክለኝም አለ። ሠላሳ ዓመት በእናንተ ቤት ስሠራ በጾም ብሉ አላላችሁኝም። እኔም ጹሙ አላልኳችሁም። ሴትዮዋም ከአምላኳ ጋር የምትነጋገርበት ቦታ ይኑራት። እርስዎ የሚልኳት ሐኪም ዘንድ ብቻ ነው።"

ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ወሰደ። መጨረሻ ላይ ኦቦ ጉርሜሳ ውሉ ላይ አልፈርምም አሉ፤ እንዳይፈረም ግን አልከለክልም አሉ። ምክትላቸው ፈረሙ። የእሳቸው ተቃውሞ በሙሉ ቃሉ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጠየቁ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አንድም ቃል አልቀነስኩም። በእርሳስ ጽፌ፣ እሳቸው በሚቀመጡበት ወንበር ተቀምጬ አንብቤ ነው በቀለም የገለበጥኩት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ኦቦ ጉርሜሳ ጌዶ ሄደው እነዚያን ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ ሰው ሳይጠራችሁ የባልና ሚስት ጓዳ ገብታችሁ እንዳትቀመጡ አሏቸው አሉ። ለጫልቱ ምን እንዳሏት አላውቅም። ብቻቸውን ነው ያነጋገሯት።

ከዚያ ወዲህ ቅጹ ያው ነው። ጠዋት ጸሎቱም ቀጥሏል፣ በወረርሽኙ ዘመን በጭምብልና በርቀት ሆነን ሁሉ። ደብተሩም አለ፤ ብቻ ስለራሱ ካልሆነ ማንም ስለማንም አይጽፍበትም። ስንት ሴት በዚያ አጭር ቅጽ ሄዳ ምን አስደርጋ እንደተመለሰች አላውቅም። ወልዳ የመጣች ትኖራለች፣ አስቋጥራ የመጣች ትኖራለች፣ ጥርሷን ያስነቀለችም ትኖራለች። ስንት ቀን ይበቃሻል እላለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አጥፌ በስፒል እወጋለሁ። ሥራውን ወደድኩት፤ እንደገና ልጀምር ቢሉኝ ያንኑ ቢሮ እመርጣለሁ። እትዬ አስካለ ከሦስት ዓመት በፊት አርፋለች። ቀብሯ ላይ ያ የችግኝ ጣቢያ ጥበቃ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ።

የስንብቴ ዕለት ጫልቱ ከጌዶ መጣች። ልጅቷን ይዛ ነበር፣ ጥርሷ የፊት ሁለቱ የወለቀ፣ ዓይነ አፋር ያልሆነች ልጅ። ሰው ሲበተን ጠጋ አልኩና በኦሮምኛም በአማርኛም ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚህ በፊትም ጠይቄያታለሁ፤ ሁልጊዜ "እሺ" ብላ ታልፈኛለች። ያን ቀን ሆዴ ባብቶ ስለነበር ልጅቷን እያየሁ፣ ይህችን የመሰለች ልጅ፣ እሷንም ጌታ አውቆ ነው የሰጠሽ አልኳት።

"ኦቦ ገለታ፣ ልጄን የእርስዎ ማጽናኛ አያድርጓት" አለችኝ። ድምፅዋን አላነሳችም። "ልጄን እወዳታለሁ። እርስዎ ያመጡብኝ ነገር ደግሞ ሌላ ነው።"

ከዚያ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ ልጅቷም እጄን ጨበጠችኝ፣ ሄዱ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ እሷ ሳታየው ለማንም አልሰጥም ብዬ ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ጌዶ ወሰድኩት። በመምህራን ማረፊያ ተቀምጣ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሁለት ቦታ ፊደል አረመችልኝ። ስለ ሽማግሌዎቹ የጻፍኩት ላይ ቆም ብላ ቆየች፣ ግን አልነካችውም። ትከሻዬን ሳመችኝ ከሚለው ቀጥዬ "በዚህም ይቅር እንዳለችኝ አወቅኩ" የሚል አንድ መስመር ነበረኝ። እሱን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው።

"ይህን አላልኩም" አለችኝ።

ሌላውስ አልኳት። ሌላው እንደዚያው ነው የሆነው፣ ለተተካችዎት ልጅ ይስጧት አለች። ደወል ተደወለና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ አምቦ ተሳፈርኩ።